መጠጥ ለማቆም የኤኤ ስብሰባ እንዴት ይገኛል? ለሀበሻ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ላይ መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች ተቀምጠው የሚያወሩበት ክፍል በየቀኑ፣ ከንጋት እስከ ምሽት፣ አይጠፋም። ኤኤ የሚባለው፣ ጠጪዎች እርስ በርስ ተረዳድተው መጠጥ የሚያቆሙበት ማኅበር ስብሰባ ነው። ክፍያ የለም። ምዝገባ የለም። መታወቂያ አሳዩ የሚል ጥበቃም የለም። ያም ሆኖ ከእኛ ሰው ስንቱ ነው "ከበዓሉ በኋላ አቆማለሁ" እያለ ብቻውን የሚታገለው? አድራሻው ጠፍቶት አይደለም፤ ጉግል አለ። የሚይዘው "ሰው ቢያየኝስ?" የሚለው ነው። ቀጥሎ ደግሞ "እንግሊዝኛዬ ለዚህ ይበቃል ወይ?" ይመጣል።

ይህን የጻፍኩት በዋናነት አሜሪካ ለሚኖር ሀበሻ ነው። አዲስ አበባ፣ እስራኤልና አረብ አገር ያላችሁም ወደ መጨረሻው አካባቢ ድርሻችሁን ታገኛላችሁ። ስብሰባ ማግኘት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ነገ ተመልሳችሁ የምትሄዱበትን ስብሰባ መምረጥ ግን ትንሽ ብልሃት ይፈልጋል። ረዘም አድርጌ የማወራው እሱ ላይ ነው።

ከሁሉ በፊት፦ ሐኪም ያስፈልጋችኋል?

በየቀኑ በብዛት የሚጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ቀጥ ሲያደርግ ሕይወቱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ሰውነት አልኮሉን ለምዶ ስለኖረ ሲቋረጥበት ይረበሻል። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ የልብ ድው ድው ማለትና እንቅልፍ ማጣት ይጀምራል። አንዳንዱን ሰው በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ውስጥ ልክ እንደሚጥል በሽታ ይጥለዋል። ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየትና መስማት ሊከተል ይችላል። ይህኛው ሳይታከም ከቀረ ሰው ይገድላል።

ራሳችሁን ጠይቁ። ጠዋት እጃችሁ ይንቀጠቀጣል? ማርከሻ ካልቀመሳችሁ ቀኑ አልጀምር ይላል? ከዚህ በፊት ስታቆሙ ጥሏችሁ ወይም አቃዥቷችሁ ያውቃል? ለአንዱም ቢሆን መልሱ አዎ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ዲቶክስ የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ለጥቂት ቀናት በመድኃኒት እየታገዙ በክትትል ማቆም። እየጠጣችሁም ቢሆን ስብሰባ መሄድ ትችላላችሁ፤ ሁለቱ አይጣሉም። መንፈራገጥ ወይም መቃዠት ከጀመረ ግን ወዲያው 911 ይደወላል።

በጾም ሰሞን ይህ ነገር ይብሳል። ዓመቱን ሙሉ ሲጠጣ ከርሞ የሁዳዴ ዋዜማ ላይ ድንገት የሚያቆም ሰው ሁላችንም እናውቃለን። በረመዳንም እንዲሁ። "55 ቀን አልነካሁም፣ ስለዚህ ሱስ የለብኝም" የሚለው ክርክርም ከዚያው የሚመጣ ነው። የፋሲካ ማግስት ምን እንደሚመስል ቤተሰቡ ያውቀዋል።

ሆስፒታል ስትሄዱ በእንግሊዝኛ መታገል የለባችሁም። በአሜሪካ ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት። "አምሃሪክ ኢንተርፕረተር ፕሊዝ" ብቻ በሉ። ዲሲ ውስጥ ለከተማው መሥሪያ ቤቶችም በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አለ፤ አማርኛም ከሚሸፈኑት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። የ12 ዓመት ልጅ አባቱ ወይም እናቱ በቀን ስንት እንደሚጠጡ ለሐኪም መተርጎም የለበትም።

ኤኤ፣ ወይስ ሌላ?

ኤኤ፣ ማለትም አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ በ1935 እ.ኤ.አ. በኦሃዮ ግዛት አክረን ከተማ የተጀመረ ነው። ጀማሪዎቹ ሁለት ሰዎች ናቸው፦ ቢል የተባለ የአክሲዮን ገበያ ሰውና ዶክተር ቦብ የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም። አንዱ ጠጪ ሌላውን ጠጪ ሲያናግር ሁለቱም ሳይጠጡ መዋል ቻሉ። ከዚያ ወዲህ የተጨመረው ብዙ ነው። 12ቱ ስቴፖች፣ ማለትም አባላት በተራ የሚሄዱባቸው እርምጃዎች፣ አሉ፣ "ቢግ ቡክ" የሚሉት በ1939 የታተመ መጽሐፍ አለ። መሠረቱ ግን ያው ነው። አባል ለመሆን የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጠጥ የማቆም ፍላጎት።

ይሠራል ወይ? ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ተቋም በ2020 ያወጣው ግምገማ 27 ጥናቶችን፣ በድምሩ 10,565 ሰዎችን፣ መርምሯል። ሰውን ከኤኤ ጋር በሥርዓት የሚያገናኝ ሕክምና፣ ሰው ጨርሶ ሳይጠጣ እንዲቆይ በማድረግ ረገድ ከሌሎች የታወቁ የምክክር ሕክምናዎች የተሻለ ውጤት ማሳየቱን አግኝቷል። ለሁሉም ሰው ይሠራል ማለት ግን አይደለም። የመጠጥ አምሮትን የሚቀንሱ እንደ ናልትሬክሶን ያሉ መድኃኒቶችም ስላሉ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ኤኤ እየሄዱ መድኃኒት መውሰድ ይቻላል። "መድኃኒት የሚወስድ ሰው አልዳነም" የሚል አባል ካጋጠማችሁ የራሱ አስተያየት ነው፤ እሱ ሐኪማችሁ አይደለም።

የሃይማኖቱ ጥያቄ ሁሌም ይነሳል። ስብሰባው ብዙ ጊዜ ቤተክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ነው። ክፍሉ በትንሽ ኪራይ ስለሚገኝ ነው እንጂ ኤኤ የዚያ ቤተክርስቲያን ክፍል አይደለም። ስቴፖቹ ውስጥ እግዚአብሔር ይጠቀሳል፤ "እኛ እንደምንረዳው" ይላሉ። መጨረሻ ላይ አጭር ጸሎት ይባላል። አንዳንዱ ቦታ ላይ ጸሎቱ አባታችን ሆይ ነው። ዝም ብሎ መቆም ይቻላል፣ ማንም አይታዘባችሁም። አምስተኛው ስቴፕ ጥፋትን ለአምላክ፣ ለራስና ለሌላ ሰው መናገርን ይጠይቃል። ያንን "ሌላ ሰው" የንስሐ አባታችሁ ማድረግ ትችላላችሁ። ጠበል እየተጠመቁ ኤኤ መሄድም አይከለከልም፤ አንዱን መምረጥ አለብን ብላችሁ ራሳችሁን አታስጨንቁ።

ኤኤ ካልተስማማችሁ ሌላ መንገድ አለ። ስማርት ሪከቨሪ ያለ ስቴፕና ያለ ጸሎት፣ አስተሳሰብን በመለወጥ ዘዴ የሚሠራ ነው። ለሙስሊሞች በ1989 ባልቲሞር የተመሠረተው ሚላቲ ኢስላሚ 12ቱን ስቴፖች ከእስልምና ጋር አስማምቶ ይዟል። ወደ ጴንጤው መንገድ የሚቀርበው ደግሞ ሴሌብሬት ሪከቨሪ ነው። እንደኔ ግን ከኤኤ ብትጀምሩ ይሻላል። ምክንያቴ ፍልስፍናው አይደለም። በየሰፈሩ፣ በየሰዓቱ መኖሩ ነው።

ፍለጋው

ስልካችሁ ላይ "ሚቲንግ ጋይድ" የሚባለውን አፕ አውርዱ። ሰማያዊ ሆኖ ነጭ ወንበር ያለበት ነው። ነፃ ነው፣ አይፎንም አንድሮይድም ላይ ይሠራል፣ ስምም ኢሜይልም አይጠይቅም። ከ100,000 በላይ ሳምንታዊ ስብሰባዎች ተመዝግበውበታል። ያላችሁበትን ቦታ እንዲያይ ከፈቀዳችሁለት በቅርብ ያሉትን ከነሰዓታቸው ይደረድራል። ካልፈቀዳችሁለት የከተማውን ስም ጻፉለት።

አፕ ማውረድ የማትፈልጉ፣ ወይም ስልካችሁን ልጆች የሚነካኩባችሁ፣ በብራውዘር ኤኤ ዶት ኦርግ ገብታችሁ "ፋይንድ ኤኤ" የሚለውን ተጫኑ። በየአካባቢው ያለውን ቢሮ ያሳያችኋል። ለዲሲና ለሜሪላንድ አጎራባች ሰፈሮች ዋያ የሚባለው አለ፤ ሙሉ ስሙ ዋሽንግተን ኤሪያ ኢንተርግሩፕ አሶሲዬሽን ነው። ለሰሜን ቨርጂኒያ ደግሞ የራሱ ኢንተርግሩፕ አለ። እነዚህ ቢሮዎች ስልክ ያነሳሉ። የሚያነሳው ሰው ራሱ መጠጥ ያቆመ በጎ ፈቃደኛ ነው። "የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው፣ ብቻዬን መግባት ፈራሁ" ካላችሁት ብዙ ጊዜ በር ላይ የሚቀበላችሁ ሰው ያዘጋጃል። ሴት ለሴት፣ ወንድ ለወንድ ነው የሚያገናኙት። ይህን አገልግሎት ብዙ ሰው አያውቀውም። በኔ አስተያየት ግን ከአፑ ይበልጣል።

የሕክምና ቦታ ጭምር ከፈለጋችሁ የመንግሥት ነፃ መስመር አለ፤ 1-800-662-4357፣ 24 ሰዓት ይሠራል፣ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣባችሁ ደግሞ 988 ደውሉና አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ፌስቡክ ላይ የቡድኖቹን ገጽ ላይክ አታድርጉ፣ የስብሰባ ማስታወቂያ ላይም "ጎይንግ" ብላችሁ አትጫኑ። ፌስቡክ ነገሩን ለጓደኞቻችሁ ሊያሳይ ይችላል።

ዝርዝሩ ላይ የተጻፈውን ማንበብ

እያንዳንዱ ስብሰባ አጠገብ አጫጭር መግለጫዎች አሉ። ከሁሉ በላይ ልታዩት የሚገባው "ኦፕን" ወይም "ክሎዝድ" የሚለውን ነው። ኦፕን ማንም መግባት ይችላል፤ ሚስት፣ ወንድም፣ ተማሪ፣ ጥናት የሚሠራ ሰው። ክሎዝድ ግን የመጠጥ ችግር ላለባቸውና ማቆም ለሚፈልጉ ብቻ ነው። እናንተም ትገባላችሁ፣ አዲስ ብትሆኑም። "ዝግ" የሚለው ቃል አያስደንግጣችሁ። መታየት ለሚፈራ ሰው ክሎዝድ ይሻላል፣ ምክንያቱም እዚያ የተቀመጠው ሁሉ የመጣው ለዚያው ጉዳይ ነው። ሰው አስከትላችሁ መሄድ ከፈለጋችሁ ደግሞ ኦፕን ምረጡ።

"ቢጊነርስ" ወይም "ኒውካመር" የሚል ካያችሁ ያዙት፤ ለጀማሪ የተዘጋጀ ነው። "ስፒከር" ማለት አንድ ሰው ታሪኩን ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል። እንግሊዝኛችሁን ካላመናችሁበት ለመጀመሪያ ቀን ከዚህ የሚሻል የለም። ማንም ተራችሁ ነው አይላችሁም፣ ታሪኩም በተራ ቋንቋ ነው የሚነገረው። "ቢግ ቡክ" የሚለው ግን የመጽሐፍ ንባብ ነው፤ በየተራ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ሊኖር ይችላል፣ የመጽሐፉ እንግሊዝኛም የድሮ ነው። ቆይታችሁ ትደርሱበታላችሁ። "ዲስካሽን" በአንድ ርዕስ ላይ መነጋገር ነው። የሴቶች ብቻ፣ የወንዶች ብቻ፣ የወጣቶች የሚባሉም አሉ።

ለሴቶች አንድ ነገር ልበል። ከተቻለ በሴቶች ብቻ ስብሰባ ጀምሩ። መጠጥ የምትጠጣ ሴት በእኛ ዘንድ የሚወርድባት ስድብ ከወንዱ እጥፍ ነው። የሴቶቹ ክፍል ውስጥ ስለ ባል፣ ስለ ልጅ፣ ስለ አማት ማውራት ይቀላል። ደግሞም አዲስ የመጣች ሴትን ለሌላ ነገር የሚጠጋ ወንድ በየስብሰባው ሊያጋጥም ይችላል። ኤኤ ውስጥ የታወቀ ችግር ነው፣ ስምም አውጥተውለታል። ስልክ ቁጥር መቀያየር ያለባችሁ ከሴቶች ጋር ነው።

ሰዓቱን ስታዩ ተጠንቀቁ። "7:00 ፒኤም" የእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ለዓመታት አሜሪካ የኖረም ሰው በአማርኛ ሲያስብ ይሳሳታል፤ በተለይ ቀጠሮውን በቃል ሲይዘው። ስልካችሁ ካላንደር ላይ አስገቡት።

የታክሲና የኡበር ሹፌሮች፣ የፓርኪንግ ሠራተኞች፣ የሌሊት ተረኛ ነርሶች፣ ምሽቱ አይመቸንም ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ከማለዳው 12 ወይም 1 ሰዓት ላይ ከሥራ በፊት የሚደረጉ አሉ። እኩለ ቀን ላይ ዳውንታውን ውስጥ በምሳ ሰዓት የሚደረጉም አሉ።

"ሰው ቢያየኝስ?"

ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖሩ ከሆነ ሲልቨር ስፕሪንግ መሄድ ግዴታ የለባችሁም። ሮክቪል ወይም ቤተስዳ ሂዱ። አሌክሳንድሪያ ያላችሁ አርሊንግተን ሂዱ ወይም ድልድዩን ተሻግራችሁ ዲሲ ግቡ። ሀበሻ ሬስቶራንትና የአገልግሎት መኪና ማቆሚያ ከበዛበት ጎዳና ራቅ ያለ፣ ግን ከ30 ደቂቃ የማይበልጥ ቦታ ምረጡ። ከዚያ ከራቀ ዝናብ በመጣ ቁጥር ትቀራላችሁ።

ክፍሉ ውስጥ የምታውቁት ሰው ቢያጋጥማችሁስ? እሱም ለዚያው ነው የመጣው። እናንተ ስለ እሱ የያዛችሁት ምስጢር እሱ ስለ እናንተ ከያዘው አያንስም። በየስብሰባው "እዚህ ያየኸው፣ እዚህ የሰማኸው እዚሁ ይቅር" ይባላል። ፍጹም ነው አልልም፤ ሰው ሰው ነው። ግን ስም ዝርዝር የለም፣ ፎቶ አይነሳም፣ መዝገብ የለም። የሚጠራው የመጀመሪያ ስም ብቻ ነው። እውነተኛ ስማችሁን መስጠት ካልፈለጋችሁ ሌላ ስም ስጡ።

ስለ ወረቀት ጉዳይ የሚጨነቅም አለ። ኤኤ የአባላት መዝገብ አይዝም፣ ለመንግሥትም ለቀጣሪም ሪፖርት አያደርግም። ጠጥቶ በመንዳት መያዝ ግን የኢሚግሬሽን ጉዳይን ሊነካ ስለሚችል እሱን ከጠበቃ ጋር ተነጋገሩበት።

በመጀመሪያው ቀን

ከ10 ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ። የቤተክርስቲያኑ ዋና በር ብዙ ጊዜ ዝግ ነው። በጎን ወይም በጀርባ በኩል ወደ ምድር ቤት የሚያወርድ ደረጃ ይኖራል። አፑ ላይ "ኖትስ" በሚለው ሥር "የጎን በር፣ ከፓርኪንጉ በኩል" ዓይነት ነገር ስለሚጻፍ አስቀድማችሁ አንብቡት። በሩን አጥቶ የተመለሰ ሰው ሁለተኛ አይመጣም። በር ላይ ቆሞ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ካያችሁ ቦታው እሱ ሊሆን ይችላል። "ፍሬንድስ ኦፍ ቢል?" ብላችሁ ጠይቁት። የቢል ወዳጆች ማለት ነው፤ የኤኤ ሰው ከሆነ ይገባዋል፣ ካልሆነም ምንም አልተባለም።

ውስጥ ተጣጣፊ ወንበሮች፣ ትልቅ የቡና ማሞቂያ፣ የወረቀት ኩባያ ታያላችሁ። ቡናው ቀጭን ነው። ጠጡት፣ እጅ የሚይዘው ነገር ሲያገኝ ይረጋጋል። ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ መቀመጥ ይቻላል።

ስብሰባው ብዙ ጊዜ አንድ ሰዓት ነው። መሪው አጭር ጽሑፍ ያነባል። ከዚያ "ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ አለ?" ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። እጅ ማውጣት ግዴታ አይደለም። ብታወጡ ግን ጥሩ ነው፣ ሰዎች መጥተው ያናግሯችኋል። የሚናገር ሁሉ ስሙን ይጠራና "አልኮሆሊክ ነኝ" ይላል፤ ሌላው በአንድ ድምፅ "ሃይ" ይለዋል። መጀመሪያ ቲያትር ይመስላል። እናንተ "አልኮሆሊክ ነኝ" ማለት የለባችሁም። ተራው ከደረሳችሁ "አይል ጀስት ሊስን ቱደይ" ይበቃል። "ፓስ" ብቻ ማለትም ይቻላል። አልፈው ወደ ቀጣዩ ይሄዳሉ።

መናገር ከፈለጋችሁ በሰባራ እንግሊዝኛ ተናገሩ። አማርኛ ቢቀላቀልበትም አይጎዳም። አንድ ሰው ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፣ አይመክርም፣ መልስም አይሰጥም። እንዲህ ጣልቃ መግባትን "ክሮስቶክ" ይሉታል፣ ብዙ ቡድን ውስጥ የተከለከለ ነው። ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ ነው። እኛ ዘንድ አንድ ሰው ችግሩን ሲናገር አምስት ሽማግሌ ተነስቶ ይመክረዋል። እዚህ የሚናገረው ተናግሮ ይጨርሳል፣ "ታንክ ዩ" ይባላል፣ በቃ።

መሃል ላይ ቅርጫት ይዞራል። ለኪራይና ለቡና ነው፤ ሰው አንድ ሁለት ዶላር ይጥላል። አዲስ ሰው እንዲከፍል አይጠበቅም፣ አሳልፉት። የሳንቲም ቅርጽ ያለው ቺፕም ይሰጣል፤ ለ24 ሰዓት፣ ለ30 ቀን፣ ለ90 ቀን እያለ ይቀጥላል። የመጀመሪያው ለዛሬ ብቻ ማቆም ለሚፈልግ ነው። ሄዶ መቀበል እንደ ድፍረታችሁ ነው።

ሲያልቅ ተጣድፋችሁ አትውጡ። ከስብሰባው በኋላ ያሉት 10 ደቂቃዎች ከስብሰባው እኩል ይጠቅማሉ። ስልክ ቁጥር የሚገኘው ያን ጊዜ ነው። አንዳንድ ቡድን የተዘጋጀ የስልክ ዝርዝር አለው፤ ጠይቁ። ቁጥሩ ጌጥ አይደለም። ዓርብ ማታ ጓደኛ "አንዲት ብቻ" ብሎ ሲደውል፣ ከእሱ በፊት የሚደወልለት ሰው ይፈለጋል።

ከአንድ ስብሰባ በኋላ ፍርድ አትስጡ

አንዱ ቡድን ሽማግሌ ብቻ ይሆናል። ሌላው ጸሎት ያበዛል። ሌላው ውስጥ የጠበቆችና የሎቢስቶች ወሬ ይሆንባችኋል። ቢያንስ ስድስት የተለያዩ ቦታዎች እስክታዩ ድረስ "ኤኤ ለኔ አይሆንም" አትበሉ። የቆዩ አባላት ለጀማሪ "በ90 ቀን 90 ስብሰባ" ይላሉ። ሥራና ልጅ ላለው ሰው ከባድ ነው፤ በሳምንት ሦስት ቢሆን እንኳ ከምንም ይሻላል፣ የቀረውን በኦንላይን ሙሉት።

ደስ ያላችሁን አንዱን "ሆም ግሩፕ"፣ ማለትም ዘወትር የምትሄዱበት ቡድን፣ አድርጉ። ወንበር መዘርጋት ወይም ቡና ማፍላት እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። ሥራ የያዘ ሰው አይቀርም፣ ቢቀርም ይፈለጋል። ከዚያ ስፖንሰር ያዙ። ከእናንተ ቀድሞ ያቆመ፣ ስቴፖቹን አብሯችሁ የሚሄድ ሰው ማለት ነው። የራሳችሁ ጾታ ቢሆን ይመከራል። ገንዘብ የሚበደር ወይም የሚያበድር ስፖንሰር ግን ይቅርባችሁ።

ፍርድ ቤት ለላካችሁ፦ ስብሰባ ላይ መገኘታችሁን የሚያረጋግጠውን ወረቀት ስብሰባው ሳይጀመር ለመሪው ስጡት፣ ሲያልቅ ፈርሞ ይመልስላችኋል። ሁሉም ቡድን ስለማይፈርም ቀድማችሁ ጠይቁ። የጸሎቱ ነገር ከእምነታችሁ ጋር ካልሄደ እንደ ስማርት ሪከቨሪ ያለ ሌላ አማራጭ እንዲፈቀድላችሁ በጠበቃችሁ በኩል ጠይቁ።

አገር ቤት፣ እስራኤል፣ አረብ አገር

አዲስ አበባ ያለ ሰው በዚያው አፕ ከተማውን ጽፎ ይፈልግ። ሕክምናው ጭምር ለሚያስፈልገው አማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። "አማኑኤል ሄደ" መባል ያስፈራል፣ አውቃለሁ። የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያላቸው ሌሎች ትልልቅ ሆስፒታሎችም ስላሉ በዚያ መጀመር ይቻላል።

አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚያዋጣው ኦንላይን ነው። የኤኤ ኦንላይን ኢንተርግሩፕ በዙም የሚደረጉ ስብሰባዎችን በሰዓትና በቋንቋ ከፋፍሎ ይዘረዝራል። የአሜሪካኖቹን ምሽት አትከተሉ፤ በዋሽንግተን ከምሽቱ 2 ሰዓት በበጋቸው ወራት ለአዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፣ በክረምታቸው 10 ሰዓት። የናይሮቢ ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ ነው። ደቡብ አፍሪካ በአንድ ሰዓት ብቻ ወደ ኋላ ትቀራለች፣ እዚያ ደግሞ በእንግሊዝኛ የሚደረግ ስብሰባ ሞልቷል። የለንደን ምሽት 1 ሰዓትም ለእኛ እንደ ወቅቱ 3 ወይም 4 ሰዓት ነው፤ ልጆች ከተኙ በኋላ ይመቻል።

ዙም ላይ ከመግባታችሁ በፊት ስማችሁን እዩት። ሙሉ ስም ከነፎቶው ሊወጣ ይችላል። "ሪኔም" ብላችሁ የመጀመሪያ ስም ብቻ አድርጉ፣ ፎቶውን አጥፉ። በመሥሪያ ቤት አካውንት አትግቡ። ካሜራ መዝጋት ይፈቀዳል። ቻት ውስጥ በግል ለማን እንደምትጽፉም አስተውሉ። ኢንተርኔቱ የሚቆራረጥባችሁ ከሆነ ቪዲዮውን ዘግታችሁ በድምፅ ብቻ ተከታተሉ።

እስራኤል ውስጥ በዕብራይስጥ፣ በእንግሊዝኛና በሩሲያኛ የሚደረጉ አሉ። ዕብራይስጡን አገር ውስጥ ያደገው ትውልድ ይችለዋል፤ ከወላጅ ጋር ግን ኦፕን ወደሆነ ስፒከር ስብሰባ አብሮ መሄድ ይቀላል። እንደ ኩዌት መጠጥ በሕግ በተከለከለበት አገር ያላችሁ በኦንላይኑ ብቻ ብትሄዱ ይሻላል፤ ቅጽል ስም፣ ዝግ ካሜራ፣ የጆሮ ማዳመጫ።

ለቤተሰብ

ጠጪውን ጎትታችሁ ማምጣት አትችሉም። ለእናንተ ግን አል-አኖን አለ፤ ከ1951 ጀምሮ የጠጪ ቤተሰቦች የሚገናኙበት ነው። ለወጣት ልጆች አላቲን የሚባለው አለ። የራሳቸው ድረ ገጽና የስብሰባ ዝርዝር አላቸው፣ አገባቡ ከላይ ካልኩት ጋር ይመሳሰላል። ሰውየው ባያቆምም እናንተ መሄድ ትችላላችሁ።

በአማርኛ ካጣችሁ

በአካባቢያችሁ በአማርኛ የሚደረግ ካላገኛችሁ ማስጀመር ይቻላል። ፈቃድ የሚሰጥ አለቃ የለም። በኤኤ ሕግ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች መጠጥ ለማቆም ከተገናኙና ከሌላ ድርጅት ጋር ካልታሰሩ ራሳቸውን የኤኤ ቡድን ብለው መጥራት ይችላሉ። ከእድርም ከቤተክርስቲያንም ከፖለቲካም ነፃ መሆን አለበት፤ በእኛ ሰው መሃል ይህ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ቢነገር ጥሩ ነው። ሬስቶራንት ውስጥ አታድርጉት፣ ባሩ አጠገባችሁ ነው። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ክፍል ብዙ ቦታ በነፃ ይገኛል።

ከመካከላችሁ አንዱ ቢያንስ ዓመት ያህል ሳይጠጣ የቆየና ስቴፖቹን በእንግሊዝኛው ቡድን የሄደባቸው ቢሆን ይመረጣል። ሁላችሁም ገና ሳምንታችሁ ከሆነ የእንግሊዝኛውን ስብሰባ ሳትተዉ ይህን ጨምሩበት። ቀንና ሰዓቱ ከተወሰነ በኋላ አትቀያይሩት፤ ሁለት ሰው ብቻ ቢመጣም በሰዓቱ ይከፈት። ከዚያ ለአካባቢያችሁ ኢንተርግሩፕ ስሙን፣ ቦታውን፣ ሰዓቱንና ቋንቋውን አስመዝግቡ። አፑ ላይ የሚወጣው ከእነሱ ዝርዝር ተወስዶ ነው። "ኖትስ" ላይ በየትኛው በር እንደሚገባ መጻፍ አትርሱ።